ጌታ ሆይ፣ ለወንድማችን ቤት ስጠው

ሐበሻ ከሐበሻ ጋር በሰው አገር ሲገናኝ የሚጠያየቀው ነገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ከመጡ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ «ቤትህ የት ነው?»። ይህ ሦስተኛው ስለ ሰፈር የተጠየቀ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ጠያቂው ከመልሳችሁ ውስጥ ደመወዛችሁንና የትዳር ዕድላችሁን አንብቦ ጨርሷል። እኔ ሁልጊዜ «ግሮሩድ» እላለሁ፣ ኦስሎ ዳር ያለ ሰፈር ነው። የቱ ጋ ሲሉኝ «ወደ ጫካው ጠጋ ብሎ» እላለሁ፤ እንዴት ያለ አየር ነው፣ ታድለህ፣ ይሉኛል። ውሸት የለበትም። ቤቴ በእርግጥ ጫካው ጥግ ናት፤ ብቻ አራት ጎማ አላት።

ኖርዌጂያኖች «ቦቢል» ይሏታል፣ መኖሪያ የሆነች መኪና ለማለት። እነሱ በበጋ ሁለት ሳምንት ይዝናኑባታል፤ እኔ ክረምት ከበጋ እኖርባታለሁ። አልጋዋ ሲታጠፍ ሶፋ ይሆናል፣ ሶፋው ሲከፈት ቁም ሳጥን ይሆናል፤ ቆሞ ሱሪ መልበስ ግን አይሞከርም። ማሞቂያዋ በናፍጣ ይሠራል፤ ገላዬን የምታጠበው ማዮርስቱን ሰፈር በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የኪራይ ውሌ ሲያልቅ ለሁለት ወር ብዬ ገባሁባት፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ይህን ግን ለወገን ማስረዳት አይቻልም። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ያጣል እንጂ ቤት አይተውም። ወሬው ሆሳዕና ከተማ ያለችው እናቴ ጆሮ ቢገባ ደግሞ ልጄ ጎዳና ወጣ ብላ እህል ውሃ አይወርድላትም። ይህን ሳስብ ነበር ጭንቅ የሚይዘኝ።

ታዲያ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እየዞርን በተራ እንጸልያለን። ሰባት ነን። የእኔ ተራ ሲደርስ አንዴ የሥራ ፈረቃ፣ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ደግሞ ቤቱ እየታደሰ ነው ብዬ አምልጫለሁ። (ይህቺኛዋ እንኳ ውሸት ናት፤ ንስሐ ገብቼባታለሁ።) የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ መሪያችን እህት አስቴር አንድ ቀን ቁርጡን ነገሩኝ። እሳቸው ሮምሶስ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚሠሩ፣ የአራት ዓመት ልጅንም ጎልማሳንም በአንድ ድምፅ የሚቆጡ ሴት ናቸው። እድሳቱ ካላለቀ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀለም ቀቢ ይዘው እንደሚመጡ አስታወቁኝ። ያለሁበትን ቦታ ከመላክ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ።

መጡ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ዙሪያውን ቤት ፈለጉ። በሩን ስከፍት እህት አስቴር ወደ ውስጥ አዩ፣ እኔን አዩ፣ መቼም ጨዋ ናቸውና «ቤት ለእምቦሳ» አሉ። «እምቦሳ እሰሩ» አልኩ በልማድ፤ እንኳን ለእምቦሳ ለጫማም ቦታ የለኝ። ስድስት ጥንድ ጫማ በረዶው ላይ በረድፍ ተደረደረ። ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ ባልና ሚስት ቆመው ቆጠሩት። እዚሁ ኦስሎ የተወለደችው ተማሪዋ ሳራ አልጋው ጥግ ተወሽቃ «ናይ፣ ግን ኩሰሊ ነው» አለች፣ አይ፣ ግን ሞቅ ያለና የሚመች ነው ማለቷ ነው። የሰማት የለም። የቀሩት ዕንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

ጸሎት ተጀመረ። ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመናል። እህት አስቴር «ጌታ ሆይ፣ ለወንድማችን ቤት ስጠው። ግድግዳው የማይንቀሳቀስ ቤት ስጠው» ብለው ተማጸኑ። ሁሉም አሜን ባለ ቁጥር መኪናዋ ባሌስትራዋ ላይ ትወዛወዛለች። እኔ ጸሎት ይሰማል ብዬ ከልቤ የማምን ሰው ነኝ፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በሆዴ፣ ጌታ ሆይ፣ እባክህ አትስማቸው አልኩ።

ሲያበቃ እናቴ እንዳትሰማ ለመንኳቸው። ወድጄ እንደምኖርም ተናገርኩ፣ አላመኑኝም። ያለኝ ሁለት ብርጭቆ ነውና ሻይ በተራ ጠጣን። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠላቸው። እንደ ሌላው ቅዳሜ ድስት አልተጣደም፣ ወለል አልተወለወለም፣ «በሞቴ ብላ» የሚል የለም፤ ጸሎቱ ግን በደንብ ተጸልዮ በጊዜ አልቋል። እህት አስቴር የመኪናዋን መሪ በዓይናቸው መረመሩ።

«ታዲያ ይሄ ነገር ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይሄዳል» አልኳቸው። ምላስ አጥንት የላትም።

ከዚያ ወዲህ ሰው መዞሩ ቀርቶ ቤቱ ይዞራል። በየቅዳሜው ባለ ተራው በር ላይ ሄጄ እቆማለሁ፤ እሱ በነጠላ ጫማ ይወርዳል፣ ሌሎቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ባለ አበባ መጋረጃ ሰቀሉልኝ፣ ትራስ አመጡልኝ፣ ብርጭቆዬ ስምንት ሆነ፣ እኔ የምተኛበት ጠፋ። እህት አስቴርም ሳያማክሩኝ እናቴ ጋ ደውለው ልጅዎ ተንቀሳቃሽ የጸሎት ቤት አለው ብለዋታል። እናቴ በደስታ ስታለቅስ በስልክ ሰማኋት፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በማግስቱ ሆሳዕና ያልሰማ አልነበረም። ከእንግዲህ መኪናዋን እንዴት አድርጌ ልተዋት?

ባለፈው ሳምንት ተደብቄ የሚከራይ ክፍል አይቼ መጣሁ። አንድ መስኮት አለው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ቅዳሜ ታዲያ እህት አስቴር እጃቸውን ጣሪያው ላይ ጭነው፣ ጌታ ይህችን ቤት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ከእጄ እንዳያወጣት አጥብቀው ለመኑ። ሁሉም አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ። በሩ ጋ የተቀመጡት እህት አስቴር ናቸው፣ በየት በኩል አመልጣለሁ።