ጋሼ መጋረጃ

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ከስክሪኑ ፊት የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ዜና ሲጀመር ነው ጃኬቱ የሚጠፋበት፤ ሌላው ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ነው ውሃ የሚጠማው። እነዚህ ግን ጀማሪዎች ናቸው። የሙያውን ሊቅ፣ የሚዳቋዎችን ባለአደራ፣ የአንበሶችን የዕድሜ ልክ ባላንጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

እሳቸው አናጢ ነበሩ። በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ቅዳሜ ከሰዓት የእንስሳት ተከታታይ ፊልም ሲደርስ የአሥራ አንድ ሕፃን ጫማ በራቸው ላይ ይከመራል። አግዳሚ ወንበሩን የሠሩልን ራሳቸው ናቸው፤ ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ። «አፍ ዝግ፣ ዓይን ክፍት» ይሉና ያበሩታል። ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደሳቸው ያለ አስተማሪ በትምህርት ቤትም አላየሁ።

«ጆሮዋን እዩት፤ ከኋላ ያለውን በጆሮዋ ነው የምታየው። የአንበሳው ትከሻ እንዴት ዝቅ እንዳለ አያችሁ? ሲያደባ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

አንበሳው ከሳሩ ተነስቶ መሮጥ ሲጀምር እሳቸውም ይነሳሉ። ስክሪኑ ፊት ይቆሙና ቀበቶ ያጠብቃሉ፣ አንቴና ይነካካሉ፣ የሌለ አቧራ ያራግፋሉ። ጀርባቸው ደግሞ ሰፊ ነው፤ በር ያህላል። እኛ በግራ በኩል አንገታችንን ስናሰግግ ወደ ግራ፣ በቀኝ ስናሰግግ ወደ ቀኝ ይከተሉናል። ተመልሰው ሲቀመጡ ሜዳው ጭር ብሏል፤ ሳሩ ብቻ ይወዛወዛል።

«አመለጠች» ይላሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

የአንበሳ ጋማ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልሰው። የሳቸውን ቡናማ ሹራብ ግን፣ ትከሻው ላይ ካረፈው የመጋዝ ብናኝ ጋር፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስልላችኋለሁ። ጋሼ መጋረጃ ያልናቸው በከንቱ አይደለም።

ጀርባቸው ያልበቃበት ቀንም ነበር። አንድ ቅዳሜ በመቶ የሚቆጠሩ የኤሊ ግልገሎች ከአሸዋ ወጥተው ወደ ባሕሩ ሲድኹ ወፎቹ ከሰማይ ወረዱባቸው። ስንቱን ይጋርዱ? ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት።

«መብራት ሄደ» አሉ።

ሁላችንም ቀና ብለን ቦግ ብሎ የበራውን አምፖል አየን። እሳቸውም አዩት።

«የቴሌቪዥኑ መብራት» አሉ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ይሄን ያህል ከፈራህ ለምን አትተወውም?» ይሏቸዋል። «ታዲያ ልጆቹ እንስሳ ሳያውቁ ይደጉ?» ነው ሁልጊዜ መልሱ።

የዕውቀታችን ፍሬ በፈተና ወረቀት ላይ ታየ። «አንበሳ ምን ይመገባል?» ይላል ጥያቄው። በአንድ ክፍል የነበርን አምስት የግቢው ልጆች «እስካሁን ምንም አልበላም፤ እያመለጡት ነው» ብለን ጻፍን። መምህራችን ተኮራረጃችሁ ብሎ ለአምስታችንም ዜሮ ሰጠን። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ስላለው ጋሼ ቤት ድረስ መጣ።

«ልጆቹን ምንድነው የሚያስተምሯቸው?»

«ያዩትን ነው የጻፉት።»

«አንበሳው ታዲያ በምን ኖረ?»

ጋሼ መጋረጃ እንጨት ሲመርጡ እንደሚያስቡት ብዙ አሰቡ። «ነገ ይበላል» አሉ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ በሌላ ሰው ቤት፣ ማንም ሳይቆምብኝ፣ ያንኑ ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁት። አንበሳው በላ። ደሜ ፈላ። በሩጫ ወደ ሥራ ቦታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዋሽተውናል» አልኳቸው።

መላጊያቸውን ሳያቆሙ «ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ።

«አሥራ አራት።»

«ደህና ሄደናል» አሉ፣ ለራሳቸው።

ልጅን መዋሸት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ለልጆች ተብሎ የሚሠራውን እዩት እስቲ። አዞው ጥርሱን በቡርሽ ይፍቃል፣ ጅቡ ባርኔጣ ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ነብሩ ካሮት ይበላል። ይሄንን የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ይቀበሉበታል፤ ማታም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ልጅ እውነቱን አይችልም ያለው ማነው? የሰባት ዓመቷ ልጄ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ነው የምታየው። አንበሳ ለምን ጉሮሮ እንደሚይዝ ትነግራችኋለች፣ ምሳ ላይ ብትሆኑም።

ባለፈው ቅዳሜ ይዣት ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጉልበታቸውም እምቢ ብሏል። ባለቤታቸው በር ላይ ያዙኝ።

«ገና ከጠዋት ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ ሲል ነው የዋለው። አያይም፣ ድምፁን ግን ይሰማል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል።»

«አመላቸው አልለቀቃቸውም ማለት ነው» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «አመሉ ባንተ ነው የመጣው።»

«በእኔ?»

«እናትህ ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት። አራት ዓመትህ ነው፤ ከፊት ተቀምጠሃል። ሚዳቋዋ ግልገል ነበራት። ያኔ ብድግ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተው።»

እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው ጀርባ ነው።

ገብተን እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ከፊት ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ አዲስና ሰፊ ነው፤ የማንም ጀርባ አይሸፍነውም። ሙዚቃው ሲጣደፍ የጋሼ እጅ የወንበራቸውን ጠርዝ ጨበጠ። ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው መልሶ አስቀመጣቸው።

አላመለጠችም። ልጄ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ።

«አመለጠች» አልኩ።

በድምፄ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈልጉ ቆዩና ፊታቸውን ወደ ልጄ አዞሩ። «እውነቱን ነው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ልጄ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ የሳቸውን እጅ አየች።

«ሩቅ ሄዳለች፣ አባባ። አሁን ሳሩ ብቻ ነው ያለው።»

ጋሼ መጋረጃ ጠርዙን ለቀው ላባቸውን ጠረጉ። ጥቂት ቆይተው፣ በዕድሜዬ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ጠየቁ።

«አንበሳውስ?»

«ነገ ይበላል» አልኳቸው።