የአሮጌው ዊንዶውስ ጠበቃ

መመሪያ የሚጽፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምስኪን ፍጥረት ነው። ሁሉም ሳያነብ «ቀጥል» የሚለውን እየተጫነ እንደሚያልፈው እያወቀ፣ አራት ነጥብ ሲያስተካክል ይውላል። እኔም ከነመነጽሬ ከዚሁ ወገን ነኝ። ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን ሥራዬ፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ እንዴት እንደሚጭኑት የሚያስረዳውን ድረ ገጽ መንከባከብ ነበር። እኔና ኤክስፒ ጡረታ የወጣነው በአንድ ሰሞን ነው፤ ሁለታችንም ግን ከቢሮ አልወጣንም።

አንድ ጠዋት ልጄን የምታህለው አለቃዬ ማህሌት መጣች።

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ አይቀየሙኝና ገጹን ዛሬ ላጠፋው ነው። አንድ ሰው እንኳ አያነበውም።»

«አንድ አንባቢ ባመጣስ?»

«ይቆያላ።»

ከየት አባቴ ላምጣ? ባለቤቴን እንዳልለምን፣ እሷ የመድኃኒቴንም ወረቀት አታነብ። እንዲህ ስተክዝ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ላንቻ የሚያስተምር መምህር ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ገጽዎ መጨረሻ ላይ ‹ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ› ይላል።»

«ይላል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እኛ ሳናጠፋው መብራት ሄዶ መጣ። ይቆጠርልናል ወይስ እንደገና እናጥፋ?»

ይህን የትኛው የፈረንጅ መመሪያ ይመልሳል? ማህሌት እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። ጎንበስ ብላ፣

«ፓይተኑ ይከፈታል?» አለችው።

«ይከፈታል።»

«በቃ፣ ይቆጠራል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ያዩኛል ጋሼ? ይጻፉት እንጂ» አለች።

ጻፍኩት፦ «መብራት ከቀደማችሁ፣ ደግማችሁ አትድከሙ።»