ያዘመመው የአጎቴ መሬት

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ ጎረቤቱ በሠራው ቆርቆሮ ቤትም ይቀናል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን በሒሳብ ቀንቼ አውቃለሁ። ጎባ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ከሲናና የመጣ ጀማል የሚባል ልጅ ነበር፤ ሰሌዳው ፊት ሲቆም መጀመሪያ «የተሰጠ» ብሎ ይጽፋል፣ ቀጥሎ «የተጠየቀ»፣ ከዚያ ቀመሩን፣ ከዚያ አንዲት እርምጃ ሳይዘል መልሱ ድረስ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እኔ መልሱን ቀድሜ እጮሃለሁ። ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን።

አንድ ቀን መምህራችን ያዘመመ ባለ አራት ጎን መሬት ሰሌዳ ላይ ስለው ስፋቱን ጠየቁን። ረጅሙን ጎን በአጭሩ አባዛሁት፤ እኛ ቤት መሬት የሚለካው እንዲያ ነዋ። አያቴ የመንግሥትን ቀላድ፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ይዘው ከሰሜን ከመጡት መሬት ለኪዎች አንዱ ነበሩ፤ የሲናናን ሜዳ በገመድ የሸነሸኑ ሰው። (መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበር «የተሰጠ» ከሚለው ሥር ማንም አልጻፈውም።) መምህሩ የእኔን መልስ ሰርዘው ለጀማል አስጨበጨቡለት። አያቴ እንዲያሳፍሩልኝ ብዬ ቅዳሜ ቤት ጋበዝኩት።

መጣ። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ተሰማም ነበሩ። ጋሼ ተሰማ በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ ቀናተኛ ነው። አያቴ መሬት እኩል አካፍለዋቸው ሳለ፣ እሱ በየበዓሉ «የእኔ ያንሳል» እያለ ያማርራል፤ አባቴ ደግሞ «የጠበበውስ ሆድህ ነው» ይለዋል።

«አካም ጅርታ» ብለው አያቴ ጀማልን በኦሮምኛ ሰላም አሉት። ከዚያ ሊፈትኑት የአጎቴን መሬት ልኬት ሰጡት፤ ወንዙን ተከትሎ ያዘመመውን። ረጅሙ ጎን አሥር ገመድ፣ አጭሩ አምስት። የአባቴም አሥር በአምስት ነው፤ ግን ቀጥ ያለ።

«ምን ያህል ነው ያዘመመው?» አለ ጀማል።

«ሦስት ገመድ» አለ አጎቴ ከአፉ ነጥቆ።

ጀማል በከሰል ወለሉ ላይ ሳለው፤ ከላይኛው ጥግም ቀጥ ያለ መስመር አወረደ። «አምስት በአምስት ሃያ አምስት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ሲቀነስ አሥራ ስድስት። እንግዲህ ቁመቱ አራት ነው አባባ፣ አምስት አይደለም። አሥር በአራት፣ አርባ።»

የአባቴ ሃምሳ ነው። ይህን ለማወቅ ጀማል አያስፈልግም ነበር።

አያቴ የከሰሉን መስመር በምርኩዛቸው ተከትለው ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ። «ተሰማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የምትቀና መስሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ።» አጎቴ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ። ለካ እዚያ ቤት ውስጥ ያልቀናው እሱ ብቻ ኖሯል።

በሳምንቱ ከጀማል ጋር ድንበሩን ወደ አባቴ በኩል ልንገፋ ወረድን። አባቴ አላናገረኝም፤ እንግዳውን ማን እንደጠራው ያውቃል። እሱስ ያልፋል። ያላለፈልኝ ሌላ ነው፤ አያቴ ለልጆቻቸው እንኳ አስይዘው የማያውቁትን የገመድ ጫፍ ለጀማል ሰጡት። ጀማልም አያቶቹ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ገመዱን ወጥሮ ዞር አለና፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ «ችካሉን ያዝልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት።