የማክሰኞው ስጎ

[አስመራ፣ ማይ ጭሆት፤ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ረቡዕ ጠዋት። ደበሳይ ትንሿ ምግብ ቤቱ ውስጥ ላብ ላብ ብሎታል፤ በአራት ሰዓት የጤና ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ካልጣመው ቤቲቱን ያሽጋታል። የሚስቱ ወንድም ተኽኣ ደግሞ የሦስት ቀን የንጽሕና ሴሚናር ከተካፈለ ወዲህ እግዜርም አያርመው። ሁለቱም አዲስ አበባ ስላደጉ ጭቅጭቃቸው በአማርኛ ነው። አሁን አንድ ድስት ይጓተታሉ።]

ደበሳይ፦ ልቀቅ፣ ልድፋው! ከትናንት ምሳ ጀምሮ እንዲሁ ያደረ ስጎ ነው!

ተኽኣ፦ ይሄ ሁሉ ሥጋ? ዛሬ ጾም ነው፣ ለነገ ይሸጣል። ባክቴሪያ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ባለሙያ ነው።

ደበሳይ፦ በየት ይገባል? ተከድኖ የለም እንዴ?

ተኽኣ፦ ዋእ! አንድ ከገባ በቃ። በየሃያ ደቂቃው ይራባል።

ደበሳይ፦ [ደንግጦ] በየሃያ ደቂቃው? ክርስትና ማን ያነሳለታል?

ተኽኣ፦ ባክቴሪያ አይጠመቅም!

ደበሳይ፦ ለካ! በረቡዕ ሥጋ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ተኽኣ፦ አንተን ማስተማር ውሃ በወንፊት ነው። ስማ፤ ባክቴሪያ ይኮመጥጣል። ከንጋት ጀምሬ በየሰዓቱ አንድ ጭልፋ እየቀመስኩ ነው። [ይቀምሳል] አልመጡም።

ደበሳይ፦ መጥተው ዝም ብለውስ እንደሆነ?

ተኽኣ፦ ሴሚናር የገባው ማነው?

ደበሳይ፦ እወ፣ አንተ ነህ። ግን ሁለተኛውን ቀን ለቅሶ ሄደህ አልነበር?

ተኽኣ፦ ያመለጠኝ ስለ በሽታው ብቻ ነው።

ደበሳይ፦ በጃኻ ተኽኣ፣ ልጆቼን የማሳድግባት ቤት ናት። ልድፋው።

ተኽኣ፦ ኣይፋልን! አንዴ በደንብ ላረጋግጥልህ። [ድስቱን ታቅፎ በዳቦ እየጠረገ ይጨርሰዋል] አየህ? ንጹሕ… [ሆዱ ይጮኻል]

ደበሳይ፦ ምንድን ነው?

ተኽኣ፦ ረ… ረኃብ ነው።

ደበሳይ፦ ድስት ሙሉ በልተህ? እኔ እንጃ፣ ባክቴሪያዎቹ ስብሰባ የተቀመጡ ይመስላል።

[ተኽኣ ቀበቶውን እየፈታ ወደ ጓሮ ይፈተለካል። ደበሳይ ድስቱን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጎ ሳይጨርስ ተቆጣጣሪው ንጋሲ ይገባል፤ ጥጋጥጉን ሁሉ ያያል።]

ንጋሲ፦ ያደረ ምግብ አለ?

ደበሳይ፦ አንድ ስጎ ነበር፣ ጌታዬ። ሽንት ቤት ገብቷል።

ንጋሲ፦ [ፈቃዱ ላይ እየፈረመ] ጎሽ! ያስወገደው ማነው?

ደበሳይ፦ ባለሙያችን ነው። እንዲያውም ገና አልጨረሰም።