ለቅርስ የተቀባ ቤት

በዚህ ከተማ እንግዳ ሲመጣ አጥር ይቀባል። እንግዳው ትልቅ ከሆነ የመንገዱ ጠርዝም፣ የዛፉም ግንድ ይቀባል። ውሻ እንኳ ከብሩሽ የሚያመልጠው ሮጦ ነው። ታዲያ የዚህ ከተማ ሰው ስልክ አንስቶ አክስቱን "ቤትዎን የሚያይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል" ይላል? እኔ አልኩ።

አክስቴ እትዬ ጫልቱ የሚኖሩት ከቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ጀርባ፣ አካባቢው ገና ገጠር ሳለ አባታቸው በሠሩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የጽድ ምሰሶ፣ የእንጨት መስኮት፣ ከጣራው ጠርዝ ደግሞ እንደ ቀሚስ ጥለት የተጠረበ ጣውላ። በልጅነቴ ቤተ መንግሥት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ከተማው ደረሰበትና ዙሪያው ሁሉ ፎቅ ሆነ። አንድ ቀን ሰዎች መጡ፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም "ይፈርሳል" ብለው ጽፈው ሄዱ። ደህና ዋሉ እንኳ አላሉም።

እትዬ እንቅልፍ አጡ፤ እኔም አጣሁ። ኦሎምፒያ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግሬደሩ የደረሰ ይመስለኛል። ደግሞስ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ኮንዶሚኒየም ላይ ወጥተው በጎቻቸውን የት ሊያስሩ ነው? በረንዳ ላይ?

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ መላ አመጣ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ማንም አይነካውም አለኝ። ደጅ ጠናሁ፣ ለመንኩ፣ ሰው አማላጅ ላክሁ፤ አንድ የቅርስ ባለሙያ ቅዳሜ መጥቶ ሊያየው ተስማማ። ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ። እንግዳው ከወደደው ቤቱ ተረፈ ማለት ነው አልኳቸው። "አታስብ ልጄ፣ አላሳፍርህም" አሉኝ። ያቺን "አላሳፍርህም" ምነው ያኔ በጠረጠርኳት!

ቅዳሜ ከባለሙያው ጋር ሄድን። ቤቱን አልፈነው ሄድን፤ እኔው ራሴ አላወቅኩትማ! ስንመለስ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመው ይስቃሉ። የእንጨት መስኮቶቹ ወልቀው አሉሚኒየም ገብቷል። የጽድ ምሰሶዎቹ ሲሚንቶ ለብሰዋል። ያ የተጠረበ ጣውላ ተነቅሎ ለማገዶ ተከምሯል። ግድግዳው ዓይን የሚወጋ ቢጫ ተቀብቷል። በጎቹ አይታዩም፤ ለካ ሁሉም ነገር የተሠራው እነሱ ተሸጠው ነው።

ያምራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ። ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ከድሮው የተረፈ ነገር ካላገኘሁ ልረዳህ አልችልም አለኝ። እንዲያው ባዶ እጁን ላለመመለስ መሰለኝ፣ ግድግዳውን በጥፍሩ ጫር ጫር ማድረግ ጀመረ።

ድንገት ዓይኑ በራ። ከቢጫው ስር ጽሑፍ አለ! በእጅ የተጻፈ፣ በቀይ ቀለም! እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፣ ይህ ብቻውን ቤቱን ሊያስመዘግብ ይችላል እያለ ከቦርሳው ትንሽ ብሩሽ አወጣ።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ክንዴን ጨምድደው ይዘው፣ ያንን ጉድ እንግዳ እንዳያየው ብዬ ደግሜ አስቀብቼው ነበር እኮ ሲሉ አንሾካሾኩ። ባለሙያው አልሰማም። እፍ እያለ፣ እየጠረገ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ "ይ" ወጣች። ቀጥሎ "ፈ"። "ር" ላይ እጁ ዘገየ። "ሳ" ስትወጣ ብሩሹን ወደ ቦርሳው መለሰ፤ እትዬን እጅ ነስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

እትዬ በዓይናቸው ከሸኙት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ልጄ፣ ወደደው?"

"በጣም ወዶት ነበር እትዬ" አልኳቸው፤ "እስኪያነበው ድረስ።"