በሩን እንዳትከፍቺ!

ለፊልም ሰው ምክር የሚሰጥ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔ አንዷ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ በገበያ ቀን ዳባት ውስጥ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። በምንወደው ፊልም ውስጥ የተቀበረ ባል ተነሥቶ የገዛ ቤቱን በር ያንኳኳል፤ ሚስቱም ቀስ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች። እኛ ቋንቋዋን አናውቅም፤ እሷም የእኛን አታውቅም። ታዲያ ዝም እንላለን?

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እንዳትከፍቺ! ቀብረሽው የለ እንዴ?»

ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ምክር የማትሰማ ናትና ሁልጊዜ ትከፍታለች።

ባለቤቴ ካረፈ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይነሣል። ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ የደባርቅ ጉም ቤታችንን ውጦት ሳለ፣ ልጄ ያንኑ ፊልም ስልኳ ላይ አግኝታ ከጓደኞቿ ጋር ታይ ጀመር። ፊልሙ ውስጥ በሩ ተንኳኳ። ልጆቹ «አትክፈቺ! አትክፈቺ!» እያሉ ጮኹ። እኔ ስልኩን ትቼ የራሳችንን በር አየሁ።

«እማዬ፣ አንቺስ አትነግሪያትም?» አለች ልጄ እየሣቀች።

«ትክፈትለት» አልኳት፤ «ውጭ ይበርዳል።»