ሊቀ አራሚ ኦስበርት

እግዜር አንድ ተራኪ በፈጠረ ቁጥር፣ ሰውየው እንዳይጠግብ ብሎ አንድ አራሚ አብሮ ይፈጥርለታል። በእንግሊዝ አገር፣ በቼሸር አውራጃ፣ አራሚ የሌለው መንደር የለም። የኛው ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ክቡር ሊቀ አራሚ ኦስበርት፣ በሙያው በርሜል ሠሪ፣ በተሰጥኦው የሰው ስህተት ለቃሚ።

እኔ ጊልበርት እባላለሁ። የምተዳደረው የጥንት ነገሥታትንና የፈረሰኞቻቸውን ገድል በግጥም በማውረድ ነው። የኛ አገር ግጥም ቤት የሚመታው በቃሉ ራስ ነው እንጂ በጭራው አይደለም። አንዱ ቃል በ«ፈ» ከጀመረ ጓደኞቹም በ«ፈ» ተሰልፈው ይመጣሉ፤ «ፈረሱ ፈነጨ፣ ፈረሰኛው ፎከረ» ይባላል። ምላስህ ስታ አንድ ቃል ከሰልፉ የወጣች እንደሆነ ግን፣ ከመጠጥ ቤቱ ጥግ አንድ ወፍራም ጣት ብድግ ይላል።

«ቆየኝማ ጊልበርት! ፈረሱ ምን ሆነ?»

«ዘለለ።»

«ዘለለ? በ‹ዘ›? ፍየል ነው እንዴ? ፈረስ ይፈነጫል!»

ጠጪው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ እንደገና እጀምራለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጺሙን በጠላ አረፋ አስውቦ፣ የሚቀጥለውን ስህተቴን ይጠብቃል።

በኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ቄሱን በላቲኑ ጸሎት መሃል «ቆዩኝማ አባቴ፣ አንድ መስመር ዘለሉ» ብሎ አስቁሟል። ላቲን ፊደሉን እንኳ አያውቅም። የሚያበሳጨው ግን ቄሱ እውነትም ዘለው ነበር። አንድ ሽማግሌ እረኛ ሲቀበር ደግሞ አልቃሿ «ሰባ ዓመት የኖርከው» ስትል፣ «ሰባ ሁለት» አለ ከጉድጓዱ አፋፍ። ሚስቱ አቪስ አንድ ቀን «ላግባሽ ሲለኝ እሺ ያልኩት እኮ፣ እምቢ ብለው እምቢታዬን እንዳያርመው ፈርቼ ነው» ብላኛለች።

እውነቱን ልናገር፤ እጠላው ነበር። እሱ ወዳለበት ላለመሄድ ሦስት መንደር ዞሬ አውቃለሁ። ሦስተኛው መንደር ስደርስ በርሜል ሊያደርስ መጥቶ አገኘዋለሁ።

ከዚያ የአገሩ ባላባት፣ ጌታችን፣ እንደገና አገባ። አዲሷ እመቤት ኢዶኒያ ከለንደን ስትመጣ የራሷን ዘፋኝ ይዛ መጣች። ሬጂናልድ ይባላል፤ ቀጭን፣ ጫማው ሹል፣ ግጥሙ ቤት የሚመታው በጭራ። እመቤቲቱ የኛን ግጥም አንድ ቀን ሰምታ «ይሄ ሰውዬ የሚያነጥሰው ለምንድን ነው?» አለች አሉ። ቀጥሎም ቃል ወጣ፦ በገና በዓል ግብር ላይ ሁለታችንም እንድንወዳደር፣ የበለጠው የጌታችንን አዳራሽ እንዲይዝ፣ የተበለጠው ጓዙን እንዲጠቀልል። አባቴም አያቴም ቆመው የተረኩበት አዳራሽ ነው።

በገና ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ለበዓሉ የቀረበው የአሳማ ጭንቅላት ተበልቶ ሳያልቅ፣ ሬጂናልድ ቀደመኝ። መቼም አይዋሽም፤ ማር ነበር። መስመሮቹ ጭራ ለጭራ ተያይዘው እንደ ዝይ ሰልፍ ሄዱ። እመቤቲቱ አጨበጨበች።

ተነሣሁ። ጀመርኩ። ጥሩ ሄደልኝ። ጠላት ከነዘንዶው ከተማይቱን ከቦ፣ ንጉሡ ከእንቅልፉ የሚባንንበት ቦታ ደረስኩ። ከዚያ ጠፋኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው መስመር ከአፌ ላይ ተነነ። አዳራሹ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የጌታችን ውሻ ጆሮውን ሲያክ ይሰማል። ሬጂናልድ ፈገግ አለ።

«ቆየኝማ!» አለ አንድ ድምፅ ከታችኛው አግዳሚ። «ምን ብለህ ነው የምታጉተመትመው? ‹ንጉሡ ተነሣና መለከት አስነፋ› ነው ያልከው? አታፍርም? ‹ንጉሡ ነቃና ነጋሪት አስነገረ!›»

እኔ እኮ አንዲት ቃል እንኳ አላጉተመተምኩም ነበር።

ኦስበርት በዕድሜው ያልተሠራ ስህተት አርሞ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣ ጌታና እመቤት በተሰየሙበት፣ ለኔ ሲል ስህተት ፈጠረ። እኔም ቀበል አድርጌ «ተኝተህ እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው!» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ነጋሪቱም የቀረውን መስመር ሁሉ እየጎተተ አመጣልኝ።

እመቤቲቱ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «ያ ሰውዬ ማን ነው? ይህን ያህል ካወቀ እሱ ይጨርሰው።»

ኦስበርት ተነሣ። ቆቡን አወለቀ። አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። አንገቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ጆሮው። ለካስ ዕድሜ ልኩን ሲያርም የኖረ ሰው አንድም ቀን ጀምሮ አያውቅም። ጣቶቹ ቆቡን እንደ እርጥብ ልብስ ይጨምቁታል። አቪስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እኔ ወርጄ እሱ በተነሣበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ጮህኩ፦

«ዘንዶው ዘወር ብሎ አሥር ዘበኛ ዋጠ!»

የኦስበርት ዓይን ፈጠጠ። «ስንት? አሥር? ዘጠኝ! ‹ዘንዶው ዘወር ብሎ ዘጠኝ ዘበኛ ዋጠ!› አሥረኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ከዚያ ጀግናው ጎራዴውን ስሎ ወረወረው!»

«ጎራዴ! ጉድ እኮ ነው! ‹ሰይፉን ስሎ ሰደደው፣ ሰማይ እስኪሰማ!›»

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እኔ ሳበላሽ እሱ ሲያቀና፣ ከተማይቱን ነፃ አወጣናት። መጨረሻው ላይ ኦስበርት ገበታ ላይ ወጥቶ ቆሞ ነበር። እመቤት ኢዶኒያ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ሬጂናልድ እንኳ ጠረጴዛውን በጡጫ ይደልቃል። ፍርዱ ተሰጠ፦ ሬጂናልድ ለእመቤቲቱ እልፍኝ፣ አዳራሹ ለኛ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በበረዶው ላይ አብረን ወደ ቤት አቀናን። ኦስበርት ዝም አለ። ዝም ብሎ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«ጊልበርት፣ ወዳጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ሁሉ መስመር ረስተኸዋል እንዴ?»

ፊቱን አየሁት፤ ከልቡ አዝኖልኛል።

«ሙልጭ አድርጌ ረሳሁት» አልኩት።

«አይዞህ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አስጠናሃለሁ።»

ይኸው አራተኛ ዓመቱ። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ እኔም እስካሁን አንድ መስመር በቃሌ አልያዝኩለትም።